የሕፃኑ ሕመም ዕዳው የማን ነው?



የሰው ልጅ መከራ ባገኘው ጊዜ ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠይቀው ጥያቄ «ይህ ነገር ስለ ምን መጣ?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ በራሱ ነውር የለበትም፤ ምክንያትን መመርመር የአእምሮ ጠባይ ነውና። ነገር ግን ጥያቄው ብዙ ሳይቆይ መልኩን ለውጦ «ይህን ነገር ማን አመጣው?» ወደሚል ይዞራል፤ ከዚያ ወዲያም ምርመራው ቀርቶ ክስ ይጀመራል። ይልቁንም ልቡ ሳይሟላ የተወለደ ሕፃን በአንድ ቤት የተገኘ እንደ ሆነ፣ ክሱ አስቀድሞ የሚወድቀው በእናቲቱ ላይ ነው። ጎረቤት በእርግዝናዋ ወራት የሠራችውን ይቆጥራል፤ የባል ዘመድ የእርስዋን ዘር፣ የእርስዋ ዘመድ የባልን ዘር ይመረምራል። እርስዋም ራስዋ በሌሊት ተነሥታ ያለፈውን ዕድሜዋን ስትመረምር ታድራለች፤ በማግሥቱም ወደ ንስሐ አባቷ ቀርባ ይህ ስለ የትኛው ኃጢአትዋ እንደ ሆነ ትጠይቃለች።

ለዚህች ሴት የሚሰጠው መልስ ቀላል ነገር አይደለም። የአንዲት ነፍስ ሰላም፣ የአንድ ትዳር ጽናት፣ የአንድ ሕፃንም ዕድሜ በመልሱ ላይ የተንጠለጠለ ነውና። ስለዚህ ነገሩን በሦስት ከፍለን እንመልከተው፤ አንደኛው ምክንያቱ፣ ሁለተኛው በደሉ፣ ሦስተኛውም ግዴታው ነው። እነዚህ ሦስቱ ተደባልቀው የተነገሩ እንደ ሆነ ብዙ ስሕተት ይወለዳል።

ስለ ምክንያቱ

በማኅፀን ውስጥ ከሚሠሩት የአካል ክፍሎች ቀድሞ ሥራውን የሚጀምረው ልብ ነው። በተፀነሰ በሦስት ሳምንት ገደማ፣ እናቲቱ መፀነስዋን ገና በውል ሳታውቅ፣ እንደ ቀጭን ቱቦ ያለው ልብ መምታት ይጀምራል። ከዚያም ይታጠፋል፤ በመካከሉም ግድግዳ ያበጃል፤ እስከ ስምንተኛው ሳምንት ድረስም አራት ክፍል ያለው ልብ ይሆናል። ይህ ሁሉ ረቂቅ ሥራ በጥቂት ሳምንት ውስጥ የሚፈጸም ስለ ሆነ፣ ከሚወለዱት ሕፃናት ከመቶው አንዱ ያህል የልብ ጉድለት ይዞ ይወለዳል። በአንዱ ግድግዳው ሳይደፈን ቀዳዳ ይቀርበታል፤ በሌላው ሁለቱ ታላላቅ የደም ሥሮች ቦታ ተለዋውጠው ይገኛሉ፤ በሌላውም የማርሴይ ሐኪም ኤቲየን ሉዊ ፋሎ በ1888 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በዝርዝር እንደ ጻፈው፣ አራት ጉድለቶች ባንድነት ይሰበሰባሉ። ይህም ከጉሮሮ ሕመም በኋላ በልብ በር ላይ ከሚመጣው፣ በአገራችንም ብዙ ልጆችን ከሚያሠቃየው ደዌ የተለየ ነው፤ ያ ከተወለዱ በኋላ የሚይዝ ሲሆን፣ ይህ ግን ከማኅፀን ጀምሮ የነበረ ነው።

ጉድለቱ ከምን ይመጣል የተባለ እንደ ሆነ፣ ለብዙዎቹ ሕፃናት አንድ ብቻ የሆነ የታወቀ ምክንያት አይገኝም። ከታወቁት ምክንያቶች አንዳንዶቹ ከውጭ ናቸው። በ1941 እ.ኤ.አ. የሲድኒው የዐይን ሐኪም ኖርማን ግሬግ፣ ኩፍኝን የሚመስለው ሩቤላ የተባለው በሽታ በእርግዝና መጀመሪያ የያዛቸው እናቶች፣ ዐይናቸው ሞራ የጋረደው ብዙዎቹም ልባቸው የታመመ ሕፃናት እንደሚወልዱ አስረዳ። የእናት የስኳር በሽታ በጊዜው ካልታከመ፣ የአልኮል መጠጥ፣ አንዳንድ መድኃኒትም እንደዚሁ ፅንሱን ይጎዳሉ። ሌሎቹ ምክንያቶች ግን በዘር ውስጥ የተሰወሩ ናቸው፤ ይህንም ለመረዳት የቤተ ክርስቲያን ልጆች ከሚያውቁት ሥራ ምሳሌ እናምጣ።

አንድ ቁም ጸሓፊ ብራናውን ዳምጦ፣ ቀለሙን በጥብጦ፣ ከአንድ መልካም ቅጂ መጽሐፍ ሲገለብጥ አስቡ። ዐይኑ ቢደክም ወይም ብዕሩ ቢስት አንድ ፊደል ይለወጥበታል። አንድ ፊደል ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር፣ በግእዝ በንጉሡ ሠ የተጻፈው «ሠረቀ» ፀሐይ ወጣ ማለት ሲሆን፣ በእሳቱ ሰ የተጻፈው «ሰረቀ» ግን ሌብነት መሆኑን ያስታውስ። በአንድ ፊደል ብርሃን ወደ ስርቆት ይለወጣል። አንዳንድ ጊዜም አንድ ቅጠል ይወድቃል፤ ወይም አንዱ ቅጠል ሁለት ጊዜ ይጻፋል። በዚህ ጊዜ ቅጂው ቢሳሳት ዋናው መጽሐፍ ስሕተት አለበት አይባልም።

የሰውም ተፈጥሮ እንደዚሁ ነው። ሕፃኑ ከአባቱ ሃያ ሦስት፣ ከእናቱ ሃያ ሦስት፣ በድምሩ 46 ክሮሞሶም ይቀበላል፤ ከየወላጁ የሚመጣው ጽሕፈትም ሦስት ቢልዮን ያህል ፊደል አለው። ሊቃውንት ዘረ መል የሚሉት በዚህ ጽሕፈት ውስጥ እንደ አንድ ምዕራፍ ያለውን ክፍል ነው። በ1959 እ.ኤ.አ. በፓሪስ ዤሮም ለዤንና ባልንጀሮቹ፣ ዳውን ሲንድሮም ያለባቸው ልጆች ሃያ አንደኛው ክሮሞሶም ሦስት ሆኖ እንደሚገኝባቸው ገለጡ፤ ከእነዚህም ልጆች እኩሌታ ያህሉ የልብ ጉድለት አለባቸው። ከሃያ ሁለተኛው ክሮሞሶም ጥቂት ቁራጭ የወደቀባቸው ልጆችም አሉ፤ ከእነርሱም አብዛኞቹ የልብ ጉድለት፣ ብዙዎቹም የንግግርና የትምህርት ድካም ያገኛቸዋል። ይህ የመጨረሻው ዓይነት ከዐሥሩ በዘጠኙ ያህል ከአባትም ከእናትም ሳይወረስ በልጁ ላይ አዲስ ሆኖ የተገኘ ነው።

በ2015 እ.ኤ.አ. ሳይንስ በተባለው መጽሔት የታተመ ጥናት፣ የልብ ጉድለት ያለባቸውን 1,213 ልጆች ከነአባታቸውና ከነእናታቸው መረመረ። ከልቡ ጉድለት ጋራ የሌላ አካል ጉድለትና የአእምሮ ዕድገት መዘግየት ባንድነት ካገኛቸው ልጆች ከመቶው ሃያ ያህሉ ምክንያቱ አዲስ የተለወጠ ፊደል ሆኖ ተገኘ፤ ልባቸው ብቻ በተጎዳው ልጆች ግን ይህ ከመቶው ሁለት ብቻ ነበር። ልብን የሚሠራው ምዕራፍ አእምሮንም በመሥራት የሚያገለግልበት ጊዜ ስላለ፣ አንዱ ስሕተት በሁለቱም ይታያል ማለት ነው።

ስለ በደሉ

እንግዲህ ምክንያቱ ከዘር ነው በተባለ ጊዜ፣ ብዙ ሰው የሚሰማው «በደሉ ከወላጅ ነው» የሚለውን ነው። የስሕተቱ ሥር ይህ ነው። በደል ያለ ፈቃድ አይቆምም፤ ማንም አባት ወይም ማንም እናት በዘሩ ውስጥ ያለችውን ፊደል መርጦ አልለወጣትም። ደግሞም ከእኛ ከእያንዳንዳችን በወላጆቻችን ያልነበሩ ሰባ ያህል አዲስ የተለወጡ ፊደሎች ይገኛሉ። አብዛኞቹ ምንም ጉዳት አያመጡም፤ በአንዱ ልጅ ግን ከእነርሱ አንዷ ልብ በሚሠራበት ምዕራፍ ላይ ትወድቃለች። ስለዚህ የፊደል መለወጥ በደል ከሆነ፣ ከሳሹም ተከሳሹም ባንድነት በደለኞች ናቸው። እናትን ብቻ የሚከሱ ሰዎችም ይህን ይወቁ፤ ከእነዚህ አዳዲስ ለውጦች አብዛኞቹ የሚመጡት ከአባት ዘር ነው፤ የአባት ዕድሜ በጨመረ ቁጥርም ይጨምራሉ። ይህን መናገራችን ክሱን ከእናት አንሥተን በአባት ላይ ለመጫን አይደለም፤ ክሱ ራሱ መሠረት እንደሌለው ለማስረዳት ነው እንጂ።

የመጻሕፍትም ምስክር ከዚህ ጋራ ይስማማል። ደቀ መዛሙርት ከማኅፀን ጀምሮ ዕውር የነበረውን ሰው አይተው ኃጢአቱ የእርሱ ነው ወይስ የወላጆቹ ብለው በጠየቁ ጊዜ፣ ጌታችን ከሁለቱ አንዱን አልመረጠም፤ ሁለቱንም አስቀርቶ ዐይናቸውን በዚያ ሰው ላይ ሊሠራ ወዳለው የእግዚአብሔር ሥራ መለሰው። በነቢዩ በሕዝቅኤልም ዘመን ሕዝቡ የመከራውን ምክንያት በአባቶች የሚያላክክበት ተረት ነበረው፤ ነቢዩም ያ ተረት በእስራኤል ዳግመኛ እንዳይነገር በእግዚአብሔር ስም ከለከለ።

በዚህ ላይ የሚነሡ ሁለት መቃወሚያዎች አሉ። የመጀመሪያው፣ የአባቶች ኃጢአት እስከ ሦስትና አራት ትውልድ እንደሚፈለግ በኦሪት ተጽፎ የለምን? የሚል ነው። ሊቃውንት ይህን ሲተረጕሙ የአባቶቻቸውን ክፋት ተከትለው በዚያው ለሚጸኑ ልጆች የተነገረ መሆኑን ያስረዳሉ፤ በማኅፀን ያለ ሕፃን ደግሞ የተከተለው ክፋት የለውም። ስለ ጥንተ አብሶም የተነሣ እንደ ሆነ፣ ሞትና ደዌ ወደ ሰው ባሕርይ የገቡት በአዳም በደል መሆኑን እናምናለን። ነገር ግን ይህ በሁላችን ላይ የወደቀ የጋራ ውድቀት ነው። ከጋራው ውድቀት ተነሥቶ ይህ ሕፃን ስለዚህች እናቱ ኃጢአት ታመመ ማለት፣ ለእግዚአብሔር ብቻ የተገባውን ፍርድ በሰው እጅ መውሰድ ነው።

ሁለተኛው መቃወሚያ ከበድ ያለ ነው፤ ይኸውም እናቲቱ በእርግዝናዋ ጊዜ መጠጥ ጠጥታ ወይም ሐኪም የከለከላትን መድኃኒት ወስዳ ከሆነ፣ በደል የለባትም ይባላልን? የሚል ነው። እውነትን መሸፈን አይገባም፤ ጉዳቱን አውቆ ያደረገ ሰው ስላደረገው ይጠየቃል። ነገር ግን ሦስት ነገር ይታሰብ። ልብ ተሠርቶ የሚያልቀው ብዙዎች እናቶች መፀነሳቸውን በሚያውቁበት ሳምንት ገደማ ስለ ሆነ፣ አብዛኛው ጥፋት ካለማወቅ ነው። ደግሞም መጠጥ የቀመሰች ሁሉ የታመመ ሕፃን አትወልድም፤ የታመመ ሕፃን ከወለዱትም ብዙዎቹ መጠጥ አልቀመሱም፤ ስለዚህ ሕመሙን አይቶ በደሉን መፍረድ አይቻልም። በመጨረሻም በእውነት ጥፋት ቢኖር ቦታው የንስሐ አባት ፊት ነው። ንስሐም ልክና ፍጻሜ አለው፤ የጎረቤት ወቀሳ ግን ልክም ፍጻሜም የለውም። ምክር የሚጠቅመው አስቀድሞ ነው፤ ከጋብቻና ከእርግዝና በፊት ክትባትን፣ ከመጠጥ መከልከልን፣ የስኳር በሽታን መታከምን ማስተማር ለካህንም የተገባ ሥራ ነው።

ስለ ግዴታው

በደለኛ ከሌለ ኃላፊ የለም ብሎ የሚያስብ ይኖር ይሆናል። ይህ ከፊተኛው የማይተናነስ ስሕተት ነው። ከኢየሩሳሌም ወደ ኢያሪኮ ሲወርድ ወንበዴዎች ያቆሰሉትን ሰው አስቡ። ሳምራዊው ያንን ሰው አላቆሰለውም፤ ዘመዱም አልነበረም፤ ነገር ግን ቁስሉን ያሰረ፣ በእንስሳው የጫነ፣ ዋጋውንም የከፈለ እርሱ ነው። ያቆሰለው ማን እንደ ሆነም ሲጠይቅ አልተገኘም። እንግዲህ ግዴታ የሚወለደው ከበደል ብቻ አይደለም፤ ከባልንጀርነት ይወለዳል። ስለ ሕፃኑ ሕመም ዕዳው የማን ነው? ላልነው ጥያቄ መልሱ ከዚህ ይገኛል፤ የበደሉ ዕዳ የማንም አይደለም፤ የፍቅሩ ዕዳ ግን በአጠገቡ የቆመው ሁሉ ነው።

ይህን ዕዳ የከፈሉ ሰዎች ታሪክ የታወቀ ነው። በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ በጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል፣ ሄለን ታውሲግ የተባለች ሐኪም ከንፈራቸውና ጥፍራቸው የሚጠቁር፣ ደማቸው ከሳንባ በቂ ኦክስጅን የማያገኝ ሕፃናት ያለ ረዳት ሲሞቱ ታይ ነበር። እርስዋ ያሰበችውን፣ የላቦራቶሪ ሠራተኛው ቪቪየን ቶማስ በውሾች ላይ ሞክሮ አጠናው፤ ቀዶ ጥገና ሐኪሙ አልፍሬድ ብላሎክም ኅዳር መጨረሻ 1944 እ.ኤ.አ. በአንዲት የዐሥራ አምስት ወር ሕፃን ላይ ፈጸመው። ቶማስ ጥቁር በመሆኑና የሕክምና ዲግሪ ስላልነበረው ክብሩ ለብዙ ዘመን ተሰውሮ ነበር፤ በዚያች ቀን ግን ከሐኪሙ በስተኋላ ቆሞ የሚመራው እርሱ ነበር። ሕፃኒቱ ከጥቂት ወራት በኋላ ብታርፍም፣ ከእርስዋ በኋላ ብዙ ሺህ ሕፃናት በዚያ መንገድ ዳኑ።

ነገር ግን የልቡ መጠገን የግዴታው ፍጻሜ አይደለም። በቦስተን ከተማ የታላላቅ ደም ሥሮቻቸው ቦታ የተለዋወጠባቸው 171 ሕፃናት በ1980ዎቹ መጨረሻና በ1990ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ነበር፤ ሐኪሞቹም ከዚያ በኋላ በየዕድሜያቸው ተከታትለው መረመሯቸው። ዐሥራ ስድስት ዓመት ሲሞላቸው 139 ያህሉ ተመርምረው፣ በብዙው ፈተና አማካይ ውጤታቸው ከእኩዮቻቸው እምብዛም ያልራቀ ሆኖ ተገኘ። ይሁን እንጂ ከመቶው 65 ያህሉ በዕድገታቸው ዘመን የትምህርት፣ የጠባይ ወይም የመሳሰለውን ልዩ ረዳትነት ያገኙ ነበሩ። ትኩረት ማድረግ፣ ነገርን አቀናብሮ ማሰብ፣ የሌላውን ስሜት ማስተዋል ለብዙዎቹ ይከብዳቸዋል። ሌሎች ሊቃውንትም ከቀዶ ጥገና በፊት የእነዚህን ሕፃናት አእምሮ በማግኔት ምስል መርምረው፣ በጊዜው የተወለደው ሕፃን አእምሮ አንድ ወር ያህል ቀድሞ እንደ ተወለደ ሕፃን ሆኖ አገኙት። ልቡ ከማኅፀን ጀምሮ ለአእምሮው የሚልከው ደም ኦክስጅን የጎደለው ስለ ሆነ ነው።

ከዚህ የሚከተለውን አስተውሉ። ልቡ የተጠገነ ልጅ በትምህርት ቤት ፊደል ቢከብደው፣ ፊደል ሲቆጥር ሐሳቡ ቢበተን፣ ሰነፍ ነው ተብሎ ሊገረፍ አይገባም። ያላየነው ድካም በውስጡ አለና። የአሜሪካ የልብ ማኅበር በ2012 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ እነዚህ ሕፃናት ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በንግግር፣ በእንቅስቃሴና በትምህርት እየተመረመሩ በጊዜው እንዲረዱ አዟል። ይህም ለወላጅ፣ ለመምህርና ለየኔታ ሁሉ የሚሆን ምክር ነው፤ ቀድሞ የታወቀ ድካም ይታገዛል፤ ዘግይቶ የታወቀ ድካም ግን ልጁ ራሱን እንዲንቅ ያደርገዋል።

ወደ ሄለን ታውሲግ እንመለስ። ይህች ሴት በሕፃንነትዋ ማንበብ እጅግ ይከብዳት ነበር፤ በዐሥራ አንድ ዓመትዋም እናትዋ ሞተችባት። አባትዋ ግን አልተቈጣም፤ በትዕግሥት አብሮ እየተቀመጠ አስጠናት። አድጋም ጆሮዋ ስለ ደከመ የሕፃናትን ልብ በጣቶችዋ እየዳሰሰች መመርመር ተማረች። አንድ አባት በአንዲት ንባብ በሚከብዳት ልጁ ላይ ያደረገው ትዕግሥት ለብዙ ሺህ ሕፃናት ሕይወት ሆነ። ይህን የምንናገረው ድካም ያለበት ልጅ ሁሉ ታላቅ ሐኪም ይሆናል ለማለት አይደለም። አንዳንዱ ልጅ ይደርሳል፤ አንዳንዱ ከብዙ ድካም በኋላ ጫማውን ማሰር ብቻ ይማራል። ነገር ግን ሰው በእግዚአብሔር አርአያ የተፈጠረው በአእምሮው ስለት ልክ ተለክቶ አይደለም፤ ቅዱስ ቍርባንም ለልዩ ልዩ አእምሮ ልዩ ልዩ ሆኖ አይቈረስም።

ከዚህ ጋራ አንድ ማስጠንቀቂያ ይገባል። ዘርን የሚመረምር ዕውቀት እንደ ቀለም ሁሉ መልካምም ክፉም ይጻፍበታል። ሐኪም ለወላጆች ከሚወለዱት ልጆች ከመቶው ይህን ያህሉ እንዲህ ይሆናሉ ሲላቸው፣ ስለ ብዙዎች ይናገራል እንጂ ስለዚህ ስለ አንዱ ልጅ ትንቢት አይናገርም። አንድ ዓይነት ፊደል የወደቀባቸው ሁለት ልጆች በልባቸውም በአእምሯቸውም ልዩ ልዩ ሆነው ያድጋሉ፤ የቤቱ ፍቅር፣ የወላጅ ዕውቀትና የኑሮው ሁኔታ በዕድገታቸው ላይ ታላቅ ድርሻ አላቸውና። ስለዚህ ዘርን እንደ ዕጣ ፈንታ መቍጠር ሳይንስም ሃይማኖትም የማይቀበሉት ነው። ከመወለዱ በፊት የልቡን ጉድለት ማወቅ ሕፃኑን ለመቀበል፣ መውለጃውን ሐኪም ባለበት ለማዘጋጀት፣ ገንዘብና ዘመድ ለመሰብሰብ የዋለ እንደ ሆነ መልካም ነው፤ ሕፃኑን ላለመቀበል የዋለ እንደ ሆነ ግን ዕውቀቱ የባልንጀርነትን ሕግ አፍርሷል።

ጸበልና ሐኪም ይጣላሉ የሚሉም አሉ። ሲራክ ሐኪምን ማክበር የሚገባ መሆኑን፣ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር መሆኑን ያስተምራል። እንግዲህ ሕፃኑን ጸበል ያጠመቀ ካህን እናቲቱን ወደ ሐኪም ቢሰድ ሃይማኖቱን አላጎደለም። በአገራችንም በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ቅጥር ግቢ የልብ ሕሙማን ሕፃናት የሚታከሙበት ማዕከል በ2001 ዓ.ም. ተከፍቷል፤ ጊዜ ያለፈበት ሕፃን ግን ሐኪም ቢያገኝም የማይጠገንበት ጊዜ አለ። ጡት ሲጠባ የሚያልበው፣ ከንፈሩ የሚጠቁር፣ ኪሎ የማይጨምር ሕፃን ያየ ሁሉ «ይህ የማን ኃጢአት ነው?» እያለ ቀን ከሚያሳልፍ ያንኑ ቀን ወደ ሐኪም ያድርሰው።

እንግዲህ ካህናት አባቶችና ወንድሞች ሆይ፤ ያች እናት መጥታ ስለ የትኛው ኃጢአትዋ እንደ ሆነ ስትጠይቀን፣ የምንሰጣት መልስ የታወቀ ይሁን። ሕመሙ ምክንያት አለው፤ ምክንያቱ ግን በአንቺ ላይ የተጻፈ የዕዳ ደብዳቤ አይደለም እንበላት። ባልዋን ጠርተን ሸክሙን ከእርስዋ ጋራ እንዲሸከም እንምከረው። ጎረቤቶችዋ ወሬውን ትተው አንዱ ለሐኪም መንገድ ቢያዋጣ፣ አንዱ የቀሩትን ልጆች ቢጠብቅላት፣ አንዱም ሕፃኑ ሲያድግ ፊደል ለማስቆጠር ቢታገሥ፣ የበደል ዕዳ የሌለበት ቤት በፍቅር ዕዳ ይከበራል።

ልዑል እግዚአብሔር ሕሙማን ሕፃናትን ይማርልን፤ ለወላጆቻቸው ጽናትን፣ ለሐኪሞቻቸው ጥበብን፣ ለእኛም ከመክሰስ ይልቅ መሸከምን ያድለን። አሜን።